ግብሩ ባሕርዩ ነውን?

አንድ ነገር ጎጂ ነው ስንል ምን ማለታችን ነው? ጉዳቱ በነገሩ ውስጥ አስቀድሞ ያለ፣ ሰው እስኪነካው ብቻ የሚጠብቅ ነው? ወይስ ነገሩ ከሌላ ነገር ጋር ሲገናኝ የሚወለድ፣ ከግንኙነቱ በፊት የትም ያልነበረ ነው? ጥያቄው ከመጻሕፍት መካከል የወጣ ይመስላል፤ ጎንደር አጠገብ አዘዞ ላይ ግን ያለ መጽሐፍ በየቤቱ ይነሣል። ጨጓራው የሚያሠቃየው ሰው ባለበት ቤት ስለ ጥፋተኛው ክርክር አይጠፋም። አንዱ በርበሬውን ይከሳል፤ ሌላው በጾም ወራት ባዶ ሆድ መዋልን፤ ሌላው ብስጭትንና ሐሳብን፤ ከጤና ጣቢያ የተመለሰው ደግሞ «ባክቴሪያ ነው አሉኝ» ይላል። ተልባ የሚያስበጠብጠውም፣ አብሽ የሚጠጣውም፣ የዐሥራ አራት ቀን ክኒን ይዞ የገባውም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሕመም ካለ አሳማሚ አለ፣ አሳማሚውም አንድ ነው፣ ክፋቱም የራሱ ነው። እኔ የምጠራጠረው ይህን ስምምነት ነው። የምነሣውም እጅግ ከትንሽ ነገር ነው፤ ከባክቴሪያውም አንሶ ባክቴሪያው ከተሠራባቸው ፕሮቲኖች ከአንዱ።

በባክቴሪያው ላይ የቀረበው ክስ ቀላል አይደለም። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ ሕይወት ያለው ነገር አይኖርበትም ሲባል በቆየው አሲዳማ ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ጠምዛዛ ባክቴሪያ አገኙ። ዛሬ ኤች ፓይሎሪ የምንለው እርሱ ነው። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በገዛ አፉ ጠጥቶ ጨጓራው ሲቆጣ አሳየ፤ በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባክቴሪያውን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ምድብ አስገባው፤ በ2005 ሁለቱ ሐኪሞች የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እኛው አጠገብ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ የጨጓራ ሕመም ይዟቸው በመጡ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2006 የታተመ ጥናት ከመቶው 85.6 በሚሆኑት ደም ውስጥ ሰውነት በዚህ ባክቴሪያ ላይ የሚያዘጋጀውን መከላከያ አገኘ። ይህን ሁሉ ይዞ መፍረድ የሚያዳግት አይመስልም። ሆኖም ባክቴሪያውን ከተሸከሙት ሰዎች የሚበዙት ዕድሜ ልካቸውን ሳያማቸው ይኖራሉ። በ2007 የወጣ የዘር ጥናት ደግሞ የሰው ልጅ ከዛሬ 58,000 ዓመት ገደማ በፊት ከምሥራቅ አፍሪካ ሲወጣ ይህ ፍጡር በሆዱ ውስጥ አብሮት እንደ ወጣ አሳይቷል። ወራሪ ብለን የምንጠራው ነገር ከእርሻችንም ከከተሞቻችንም ይቀድማል። አብዛኞቹን የማይጎዳ፣ ከሁሉም ጋር የኖረ፣ አንዳንዶቹን ግን የሚገድል ነገር ክፋቱ በምኑ ላይ ነው?

እንግዲህ ወደ ፕሮቲኑ ልግባ። ተመራማሪዎች ኒውትሮፊል ቀስቃሽ ፕሮቲን ይሉታል፤ ባጭሩ ናፕ። በዚህ ስም መጠራት የጀመረው በ1995 ነው። ዐሥራ ሁለት አንድ ዓይነት ቁራጮች ገጥመው የሚሠሩት ውስጡ ባዶ የሆነ ክብ ነገር ነው፤ በባዶው ውስጥ እስከ አምስት መቶ የብረት አተሞች ይይዛል። ለባክቴሪያው ጎተራው ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ከጤፋችንና ከምስራችን ወደ እኛ የገባው ብረት፣ ከእኛም ወደ ባክቴሪያው ያለፈው፣ እዚያ ይከማቻል። ከማከማቸት ሌላም ሥራ አለው። ልቅ ሆኖ የሚዞር ብረት ከኦክስጅን ውላጆች ጋር ሲገናኝ ዲ ኤን ኤን የሚበጣጥስ ነገር ያስገኛልና፣ ናፕ ብረቱን ሰብስቦ በመያዝ የባክቴሪያውን የዘር መዝገብ ከዚህ ጥፋት ይጠብቃል። በቤቱ ውስጥ ሳለ ናፕ ጠባቂ ነው። ባክቴሪያው ሲፈርስ ግን ናፕ ወደ ውጭ ይፈስሳል ተብሎ ይታሰባል፤ ወደ ጨጓራችን ግድግዳም ይደርሳል። እዚያ ያሉት ኒውትሮፊሎች፣ ከነጭ የደም ሴሎች ሁሉ የሚበዙትና ለአደጋ ቀድመው የሚደርሱት፣ ሲነካቸው ይነቃሉ፣ ከደም ሥር ወጥተው ይጎርፋሉ፣ በውስጣቸው ያለውን የኦክስጅን ውላጅ ይለቅቃሉ። ናፕ በቤቱ የሚከላከለውን ያንኑ ጥፋት በእኛ ሥጋ ላይ ያስነሣል ማለት ነው። በሁለቱ ሁኔታዎች መካከል ፕሮቲኑ አንዲት ክፍሉን አልለወጠም። ስፍራው ብቻ ተለወጠ።

በዚህ ጊዜ የአዘዞ ምድር ራሱ አንድ ጥንታዊ የክርክር ሥርዓት ያስታውሰኛል። አፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ በተቀበሉበት ዘመን የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ገነተ ኢየሱስን ያነጹት በዚሁ በአዘዞ ነበር፤ በ1632 ንጉሡ ዙፋኑን ለልጃቸው ለአፄ ፋሲል ትተው ተዋሕዶ እስክትመለስ ድረስ የባሕርይ ነገር በጉባኤም በጦር ሜዳም አከራከረ፤ ከዚያም በኋላ በጎንደር ዘመን ሁሉ ሊቃውንቱን አላስተኛም። የመለኮትን ነገር ከሆድ ሕመም ጋር ላስተያይ አልደፍርም፤ ስፍራውም አይደለም። ከእነዚያ ሊቃውንት የምዋሰው ጥንቃቄያቸውን ነው። ባሕርይን ከግብር ለይተው ይጠይቁ ነበር፤ ነገሩ በራሱ ምንድን ነው፣ ነገሩ የሚያደርገውስ ምንድን ነው፣ ከሁለተኛው ተነሥተን ስለ መጀመሪያው መናገር የምንችለው እስከ የት ድረስ ነው? እኛ ዛሬ «ጎጂ ፕሮቲን» ስንል ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ እንዘልለዋለን። ግብሩን አይተን ባሕርዩን ወስነናል።

ግብር ባሕርይን ይገልጣል የሚል ሰው ያለ ምክንያት አይናገርም፤ ነገሮችን ከሚያደርጉት በቀር በምን እናውቃቸዋለን? ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ግብር አድራጊና ተደራጊ አለው። ናፕን ኒውትሮፊል በሌለበት ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጡት፤ ምንም አይቀሰቅስም፣ ብረቱን ይዞ ይቀመጣል። እንግዲያው የመቀስቀሱ ግብር እኩሌታው የኛ ነው፤ ለዚያ ንክኪ ምላሽ የሚሰጥ ሴል የሠራነው እኛ ነን። በተቃራኒው የቆመ ሰው ደግሞ ይህን ይለኛል፦ ማንኛውም ፕሮቲን ኒውትሮፊልን አይቀሰቅስም፣ ናፕ ግን ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ ለዚህ ተግባር የሚያበቃው አንድ ነገር በራሱ ቅርጽ ውስጥ አለ። ልክ ነው፤ እቀበላለሁ። በናፕ ውስጥ ያለው ግን የመቀስቀስ ዐቅም ነው፤ የመጉዳት ዐቅም ያልነው መቀስቀሱ በጨጓራ ውስጥ ያመጣውን ውጤት አይተን ነው። መቀስቀስ በራሱ ጉዳት ቢሆን ኖሮ እሾህ የወጋው እግራችን አይድንም ነበር። ለዚያም ሥራ የሚመጡት እነዚሁ ኒውትሮፊሎች ናቸውና።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። የጨጓራውን ግድግዳ ከሚያቆስሉት አንዱ የኛው ተከላካይ ነው። ባክቴሪያው ሌሎች፣ ከናፕ የከፉ ፕሮቲኖች አሉት፤ አንዱ የጨጓራን ሴል እየቦረቦረ ያዳክማል፣ ሌላው ወደ ሴሉ ውስጥ ተወግቶ ገብቶ ሥርዓቱን ያዛባል። ናፕ ግን በራሱ አያቆስልም፤ የኛዎቹን ጠርቶ በኛው ላይ ያሠማራል። ታዲያ ጥፋቱ የጠሪው ነው ወይስ የተጠሩት? ኒውትሮፊሎቹም አልተሳሳቱም፤ ባዕድ አለ ተባሉ፣ ባዕድም አለ። የተሠሩት ግን ለሰዓታትና ለቀናት ዘመቻ ነው፤ ባክቴሪያው ደግሞ በልጅነት ገብቶ ለዐሥርት ዓመታት የሚቆይ ነው። ከአዘዞ ቁልቁል በደንቢያ ሜዳ በ1953 ሺዎችን የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ መጥቶ ሄደ፤ አሰቃቂ ነበር፣ ማብቂያ ግን ነበረው፤ የጎንደር የጤና ኮሌጅ በተከታዩ ዓመት የተከፈተበት አንዱ ምክንያትም እርሱ ነው። ኤች ፓይሎሪ እንዲህ ያለ ማብቂያ የለውም። ስለዚህ የዚህን በሽታ ትርጉም እንድሰጥ ብጠየቅ እንዲህ እላለሁ፤ ትክክለኛ ምላሽ ማብቂያ ሲያጣ በሽታ ይሆናል። በዚህ ትርጉም ውስጥ ክፉ የሚባል ነገር የለም። ጊዜ አለ፣ መጠን አለ፣ ያልተቋረጠ ጥሪ አለ።

ይህ ትርጉም እውነት ከሆነ አንድ ነገር ተከትሎ ይመጣል። ማብቂያ ያጣ ምላሽ በሽታ ከሆነ፣ ያልጀመረ ምላሽም በሽታ መሆን አለበት። ካንሰር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ ዕጢው ከገዛ ሴሎቻችን የበቀለ ስለሆነ ተከላካዮቹ እንደ ወገን አይተው ያልፉታል፤ አልፎም ዝም እንዲሉ ያደርጋቸዋል። እዚያ የጎደለው መቀስቀስ ነው። ተመራማሪዎች ናፕን ለዚህ ማሰባቸው ስለዚህ ነው። የጣሊያን ተመራማሪዎች በ2006 ናፕ ከኒውትሮፊል አልፎ የመከላከያውን አቅጣጫ እንደሚመራ፣ ሴልን ፊት ለፊት የሚገጥመውን ዓይነት ምላሽ እንደሚያበረታ አሳዩ፤ በ2012 ደግሞ በአይጦች ላይ የበቀለ የፊኛ ካንሰር ናፕ ሲሰጠው እድገቱ እንደሚገታ ታየ። በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች የተዳከመ የኩፍኝ ክትባት ቫይረስ ናፕን እንዲሠራ አድርገው፣ ወደ ሌላ አካል በተሠራጨ የጡት ካንሰር የተያዙ ሴቶች ላይ የመጀመሪያውን ደረጃ ሙከራ ጀምረዋል። ካንሰር አምጪ ከተባለ ባክቴሪያ የተወሰደ ፕሮቲን ካንሰርን እንዲያስጠቃ ተፈለገ። ይህን ያነበበ ሰው ተአምር ሊለው ይችላል፤ እስካሁን በተጓዝንበት መንገድ ለመጣ ግን የሚጠበቅ ነው። ፕሮቲኑ በሁለቱም ስፍራ ያው አንድ ግብር አለው፤ በጨጓራ ውስጥ የተረፈው በዕጢው ውስጥ የጎደለ ነበር።

ሦስተኛም ሁኔታ አለ፤ ጠላት ያልሆነውን ጠላት ያለ ምላሽ። አስምና አለርጂ እንዲህ ናቸው፤ ለአቧራና ለአበባ ብናኝ ሰውነት ጦር ይመዛል። በአስም በተያዙ አይጦች ላይ በ2008 የታተመ ሙከራ ናፕ ምላሹን ከአለርጂው መንገድ ሴልን ፊት ለፊት ወደሚገጥመው መልሶ የሳንባውን ቁጣ እንደሚቀንስ አሳየ። ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ በአገራችን የታየ አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። በቡታጅራ ከእናታቸው ማሕፀን ጀምሮ ክትትል የተደረገላቸው ልጆች ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ከመቶው ከአርባ በላይ በሚሆኑት ባክቴሪያው ተገኘ፤ በ2011 የታተመው ውጤት እንደሚለው ባክቴሪያው ባለባቸው ልጆች ላይ ኤክዜማ የሚባለው የቆዳ ቁጣ አንሶ ታየ። አብሮ መታየት ምክንያት መሆን አይደለም፤ ያም ሆኖ ከአይጦቹ ሙከራ ጎን ሲቀመጥ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አንዲት እናት ይህን ሰምታ «እንግዲያው ልጄን ካላመመው ባክቴሪያውን ለምን አጠፋዋለሁ?» ብትል ምን ይመለስላታል?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተሳሳቱ መልሶች እንዳሉ አምናለሁ፤ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። የመጀመሪያው፦ ባክቴሪያው ጎጂ ነው፣ ስለዚህ በእርሱ ዘንድ ያለው ሁሉ ጎጂ ነው። ሁለተኛው፦ ከፕሮቲኖቹ አንዱ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ባክቴሪያው ራሱ ወዳጅ ነው፤ አብሮን የኖረ ነው፣ ይኑር። ሁለቱም የአንዱን ግብር ለሌላው ባሕርይ ያደርጋሉ፤ ክፍሉን ከሙሉው ጋር ያቀላቅላሉ። ሁለተኛው ስሕተት ግን ለኔ የባሰ ነው፤ ጥበብ ይመስላልና። ጉዳት በግንኙነት ውስጥ የሚወለድ ነው ማለቴ ጉዳት የለም ማለቴ አይደለም። ጨጓራው ቆስሎ ደም የሚያስታውከው ሰው ግንኙነት ብቻ ነው ሲሉት የሚሰማው ፍልስፍና ሳይሆን ስድብ ነው። ግንኙነት ከነገር ያነሰ እውነት የለውም። እናትና ልጅ መሆን ግንኙነት ነው፤ ባለ ዕዳ መሆንም ግንኙነት ነው፤ ማንም በዚህ ምክንያት እውን አይደሉም አይልም።

ታዲያ ያው ፕሮቲን አንድ ጊዜ በሽታ፣ አንድ ጊዜ መድኃኒት የሚሆነው በምን ልዩነት ነው? ስፍራ አልኩ፤ መጠን አልኩ፤ ጊዜ አልኩ። ሦስቱም እውነት ናቸው፣ ሦስቱም ግን አይበቁም። ስፍራውና መጠኑ በአጋጣሚ ቢገጥሙስ? በቡታጅራ ልጆች ቆዳ ላይ የታየው ምናልባት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ይሆናል፤ ደግ አጋጣሚ ደግሞ መድኃኒት አይባልም። መድኃኒት የሚባለው ሰው የመረጠው፣ መጠኑን የወሰነለት፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያበጀለት፣ ቢከፋም የሚጠየቅበት ሲኖር ነው። ካንሰር ያለባት ሴት ወደ ሙከራው የምትገባው ተነግሯት፣ ፈርማ፣ ልትወጣ ብትፈልግም መብቷ ተጠብቆ ነው። ኤች ፓይሎሪ ወደ ሕፃን ሆድ ሲገባ ማንንም አላስፈቀደም፤ መጠኑን የሚቆጥርለት የለም፤ ቁስል ቢያመጣ የሚጠየቅበት የለም። በአንድ ሰው ላይ ቆዳውን ሊያሳርፍ፣ በወንድሙ ላይ ካንሰር ሊያበቅል ይችላል፤ ማንኛው በማን እንደሚሆን የሚመርጥ የለም። ስለዚህ በናፕና በናፕ መካከል ያለውን ልዩነት በፕሮቲኑ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ልዩነቱ ተጠያቂ መኖሩ ላይ ነው።

ለተጠያቂነት ያደላሁት ስለ ሰው ችሎታ ከፍ ያለ ግምት ይዤ አይደለም። ናፕን ጨምሮ የባክቴሪያውን ሦስት ፕሮቲኖች የያዘ ክትባት ተሠርቶ ነበር፤ ሰውነት በደንብ ምላሽ ሰጠ፣ መከላከያ አመረተ፤ በ2018 በታተመው ሙከራ ግን ክትባቱን የወሰዱት ፈቃደኞች ባክቴሪያው ሲሰጣቸው ካልወሰዱት ይልቅ አልተጠበቁም። መቀስቀስ ማዳን እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ውድቀቱ ግን በግልጽ ተጽፎ ታተመ፤ የሚቀጥለው ሰው ከዚያ ይነሣል። ባክቴሪያው እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም።

ተጠያቂነት ካልኩ ዘንድ ልለየው የማልችለው ጥያቄ ይከተላል፤ ተጠያቂው ለማን ነው የሚጠየቀው? የናፕ ዕውቀት ከሰው ሆድ የተገኘ ነው። ባክቴሪያው ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የሚኖረው ንጹሕ ውሃ ባልተዳረሰበት፣ ልጆች ጠባብ ቤት ውስጥ ተደራርበው በሚያድጉበት አገር ነው፤ ቁስሉንም ካንሰሩንም የሚከፍለው ያ ሕዝብ ነው። የአፍሪካ ሕዝብ በብዛት ተይዞ በጨጓራ ካንሰር ግን ብዙም አይታመምም የሚል ሐሳብ በ1992 ተጽፎ ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም ኖሯል። ሐሳቡን የተቹት ሰዎች የሰጡት መልስ ቀላል ነበር፤ የጨጓራ ውስጥ መመልከቻ መሣሪያ በሌለበት አገር ካንሰሩ ሳይታይ ይቀበራል። ያልተቆጠረ ሟች እንደሌለ ተቆጠረ ማለት ነው። መድኃኒቱ ነገ ቢሳካ የሚገኘው ግን በከበሩ ሆስፒታሎች፣ በከበረ ዋጋ እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ጉዳቱ እዚህ፣ ጥቅሙ እዚያ ከሆነ፣ አንድ ነገር ጎጂም ጠቃሚም ነው የሚለው የተመጣጠነ አባባል ራሱ ግፍ ይሸፍናል። ለማን ጎጂ፣ ለማን ጠቃሚ ተብሎ ካልተጠየቀ ፍርዱ ጎደሎ ነው።

ስለዚህ ፍርዴን በግልጽ ላስቀምጥ። ፕሮቲኑ አይከሰስም፤ ይጠናል፤ ጥናቱም ባክቴሪያው ከሰው ጋር ረጅም ዘመን በኖረበት በዚህ ምድር፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ ሙከራም ሊካሄድ ይገባዋል፤ በኛ ልጆች ሆድ ያለው ዝርያ የሚሠራው ናፕ ምን እንደሚያደርግ ከሌላ አገር ሰው ሆድ ተነሥቶ መናገር አይበቃም። ባክቴሪያው ግን ሕመም ባመጣበት ሰው ዘንድ መጥፋት አለበት፤ የነገ ተስፋ የዛሬን ቁስል አያስታግስም። ለእናቲቱም የምመልሰው ይህን ነው፦ ልጅሽን ካላመመው አትረበሺ፣ ካመመው ግን አስመርምሪው፤ መድኃኒት ከታዘዘለትም ሕመሙ ቀለል ሲለው አታቋርጪበት፣ የተወሰነለትን ቀን ይጨርስ፤ ተርፎ የሚቀረው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላልና። አንባቢም ሆይ፣ ጨጓራህ ለሳምንታት ሲያምህ በተልባና በአብሽ ብቻ አትክረም፤ ደም ካስታወከህ ወይም ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂድ።